«ፕሊዝ» ብቻውን አይበቃም



የማመልከቻ ወቅት ደርሷል። የምህንድስና ተማሪው ኢንተርንሺፕ የሚወጣበት ድርጅት ይፈልጋል። ተመራቂዋ ሪኮመንዴሽን የሚጽፍላት መምህር ትፈልጋለች። ለማስተርስ ወደ ውጭ ሊያመለክት ያሰበው ደግሞ በዓይኑ አይቶት ለማያውቅ ፕሮፌሰር ኢሜይል እየጻፈ ነው። የሦስቱም ሥራ አንድ ነው፤ በእንግሊዝኛ ውለታ መጠየቅ። የሚጠየቀው ሰው ብዙውን ጊዜ ስለ ጠያቂው የሚያውቀው ነገር የለም። ቤተሰቡ እንዴት እንዳሳደገው፣ ለታላቅ እንዴት ብድግ እንደሚል፣ ኡስታዙ ፊት እንዴት አንገቱን ደፍቶ እንደሚቀመጥ አላየም። ያየው አምስት ስድስት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። በእነዚያ መስመሮች ያዘዘው ከመሰለው «ስድ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ የለመነው ከመሰለው ደግሞ ያዝንለት ይሆናል እንጂ አያከብረውም።

እንግሊዝኛን ከታች ክፍል ጀምሮ ተምረነዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ፊዚክሱንም፣ ባዮሎጂውንም፣ ታሪኩንም የተማርነው በእሱ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግን እንግሊዝኛ ማለት ከምርጫዎቹ አንዱን ማጥቆር ነው። ስለዚህ አክቲቩን ወደ ፓሲቭ መለወጥ የሚችል፣ ስለ ቴርሞዳይናሚክስ ሁለት ገጽ የሚጽፍ ተማሪ በእንግሊዝኛ «ካላስቸገርኩዎት» ለማለት ቃል ያጥረዋል። አልተማረውምና አይፈረድበትም። ነገር ግን አለመማሩ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ።

ታናናሾቻችን «እስቲ እዩልኝ» እያሉ የሚያመጧቸው ኢሜይሎች ባብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ደረቅ ነው፦ «ፕሊዝ ጊቭ ሚ ሪኮመንዴሽን ሌተር። አይ ኒድ ኢት ቱሞሮው።» በአማርኛ ጸሐፊው ያሰበው «እባክዎ የድጋፍ ደብዳቤ ይስጡኝ፤ ለነገ ያስፈልገኛል» ነው። ነገሩ ቢቸኩልም ነውር የለበትም። በእንግሊዝኛ ግን የደረሰው «ስጠኝ፤ ለነገ» የሚል ትዕዛዝ ነው። ሁለተኛው ከመጠን ያለፈ ነው። «ሪስፔክትድ ሰር» ብሎ ይጀምራል፤ ሁለት አንቀጽ ሙሉ የፕሮፌሰሩን ታላቅነት ያወድሳል፤ ራሱን ዝቅ ዝቅ ያደርጋል፤ የሚፈልገውን ነገር መጨረሻው መስመር ላይ ያስቀምጥና «እባክዎ እምቢ እንዳይሉኝ፣ ተስፋዬ እርስዎ ብቻ ነዎት» ብሎ ይዘጋዋል። ይህም በአማርኛው የትህትና ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ግን አንባቢውን የሚያስጨንቅ ጫና ሆኖ ይደርሳል።

ሁለቱም ጸሐፊዎች አደብ ያላቸው ልጆች ናቸው። ችግሩ ቋንቋው አደብን የሚያስቀምጥበት ቦታ መለያየቱ ነው።

አማርኛ አክብሮትን የሚያስቀምጠው ተውላጠ ስሙና የግሱ ጫፍ ላይ ነው። አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ እያለ ሰውን በደረጃው ይጠራል። «ስጠኝ» እና «ይስጡኝ» ሁለቱም መስጠትን ይጠይቃሉ፤ ሁለተኛው ግን አክብሮቱን በሆዱ ይዟል። «እባክዎ» ባንጨምርበት እንኳ «ይስጡኝ» ስድነት የለበትም። እንግሊዝኛ ዛሬ ያለው አንድ «ዩ» ብቻ ነው። ለሕፃኑም፣ ለፕሬዚዳንቱም፣ ለድመቱም ያው «ዩ» ነው። ድሮ «ዛው» የሚባል ለቅርብ ሰውና ለታናሽ የሚሆን ሌላ ቃል ነበረው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከመደበኛው ንግግር እየጠፋ ሄደ። ስለዚህ «ይስጡኝ» የሚለው ቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር አክብሮቱ ድንበሩ ላይ ይቀራል፤ የሚሻገረው ትዕዛዙ ብቻ ነው።

«ፕሊዝ» ይህን ጉድለት ይሞላል ብለን እናስባለን፤ አይሞላውም። ቃሉ ሲነሳ «ደስ ካሰኘዎ» የሚል ሙሉ ሐረግ ነበር። ያን ጊዜ ምርጫን ለተጠያቂው ይተው ነበር፤ ዛሬ ግን አጥሮ ትዕዛዝን ማለስለሻ ሆኗል። መምህሩ ክፍሉን «ፕሊዝ ሲት ዳውን» ሲል ማንም ቆሞ ልቅር አይልም። «ፕሊዝ» ያለበት ትዕዛዝ ለስላሳ ትዕዛዝ ይሆናል እንጂ ጥያቄ አይሆንም።

መድረሳ የቀራን ሰዎች ይህን ነገር ለመረዳት ከሌላው ይልቅ ይቀርበናል። በበላጋ ትምህርት የትዕዛዝ ግስ ከበላይ ወደ በታች ሲሆን «አምር»፣ እኩያ ለእኩያ ሲሆን «ኢልቲማስ»፣ ከበታች ወደ በላይ ሲሆን «ዱዓ» እንደሚባል ተምረናል። የግሱ ቅርጽ አንድ ነው፤ ትርጉሙን የሚወስነው የተናጋሪውና የአድማጩ ደረጃ ነው። ዐረብኛ እንዲህ ያደርጋል። አማርኛ ደግሞ የግሱን ጫፍ ይለውጣል። እንግሊዝኛ ሁለቱንም አያደርግም። ዓረፍተ ነገሩን ራሱን ከትዕዛዝ ወደ ጥያቄ ይገለብጠዋል። «ይህን አድርግልኝ» ማለቱን ትቶ «ይህን ልታደርግልኝ ትችል ይሆን?» ይላል። «ኩድ ዩ»፣ «ዉድ ዩ» የሚባሉት መክፈቻዎች ሥራቸው ይህ ነው።

ጥያቄ ከሆነ ደግሞ መልሱ «አይ» ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝኛ ትህትና ሥሩ እዚህ ላይ ነው። በዚያ ቋንቋ ሰውን ማክበር ማለት ማዕረጉን መደርደር አይደለም፤ ሳያፍር እምቢ የሚልበትን በር ክፍት መተው ነው። ይህን አንዴ ከያዝን ሌላው ዝርዝር ይቀልልናል።

ለምሳሌ ያለፈውን ጊዜ እንውሰድ። «ኩድ» የ«ካን» ኃላፊ ጊዜ ነው፤ «ዉድ» ደግሞ የ«ዊል»። «አይ ዋዝ ዎንደሪንግ ኢፍ» ብሎ የሚጀምር ሰውም «ይቻል ይሆን ብዬ እያሰብኩ ነበር» ማለቱ ነው። አሁን የሚፈልገውን ነገር ለምን በኃላፊ ጊዜ ይናገራል? ፍላጎቱን ትንሽ ራቅ አድርጎ ሲያስቀምጠው በተጠያቂው ላይ ያለው ክብደት ይቀንሳል። ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሸይኻችን ዘንድ ገብተን «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» ስንል ፍላጎታችን አሁንም እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። «ነበር» ያልነው ለአደብ ነው። እንግሊዞቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ነገር መጠን ነው። ፔኔሎፒ ብራውን እና ስቲቨን ሌቪንሰን የተባሉ የቋንቋ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት የትህትና ጥናት ሦስት ነገሮችን ቆጥረዋል፦ ተጠያቂው በእኛ ላይ ያለው ሥልጣን፣ በመካከላችን ያለው ርቀት፣ የተጠየቀው ነገር ክብደት። ሦስቱ ሲደመሩ ትልቅ ከሆኑ አነጋገሩ ረዘም፣ ለስለስ ይላል፤ ትንሽ ከሆኑ ያጥራል። ምህንድስና ለምንማር ሰዎች ነገሩ ግልጽ ነው፤ የምሰሶው ውፍረት በሚሸከመው ጭነት ልክ ነው። ከጓደኛ እስክሪብቶ ለመዋስ «ካን አይ ቦሮው ዩር ፔን?» በቂ ነው። የዶርም ጓደኛን ጨው ለመጠየቅ «ቢተባበሩኝ ምስጋናዬ እጅግ የላቀ ነው» የሚያሰኝ ረጅም እንግሊዝኛ ካወጣን ግን ወይ ቀልድ ነው ወይ ኩርፊያ። ባልንጀራችን ድንገት «አንቱ» ብሎ ቢጠራን «ምን አስቀየምኩት?» እንደምንለው ማለት ነው። መብዛቱም እንደ ማነሱ ጉድለት ነው።

እግረ መንገዳችንን ሁለት የታወቁ ወጥመዶችን እንጥቀስ። «ቦሮው» ተዋሰ ማለት ነው፤ «ሌንድ» ደግሞ አዋሰ። አማርኛችን ሁለቱን በደንብ ስለሚለይ መሳሳት አይገባንም ነበር፤ ሆኖም «ካን ዩ ቦሮው ሚ» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። ይህ «ልትዋሰኝ ትችላለህ?» እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው «ዉድ ዩ ማይንድ» ነው። ትርጉሙ «ቅር ይልዎታል?» ስለሆነ የፈቃዱ መልስ «ኖ» ነው። መምህሯ «መስኮቱን ብትከፍት ቅር ይልሃል?» ብላ ስትጠይቅ «የስ» ብሎ በደስታ የሚነሳ ተማሪ በአፉ «አዎ፣ ቅር ይለኛል» እያለ በእጁ መስኮቱን ይከፍታል። መምህሯ ትስቅ ይሆናል፤ በጽሑፍ ሲሆን ግን ሳቅ የለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ፤ ወደ እምቢታው በር። እኛ ዘንድ ውለታ ስንጠይቅ ይህን በር የመዝጋት ልማድ አለን። «ስለ አላህ ብለህ»፣ «ወላሂ እምቢ እንዳትለኝ»፣ «አደራ እንዳታሳፍረኝ» እንላለን። በቤተዘመድና በጓደኛ መካከል ይህ የመቀራረብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ይሁንና ተጠያቂው ባይችልስ? ጊዜ ባይኖረውስ? የአላህ ስም ከተጠራበት በኋላ እምቢ ማለት ስለሚከብደው እሺ ይላል፤ ከዚያ ወይ አያደርገውም፤ ወይ እያጉረመረመ ያደርገዋል። ብዙ የተቋረጠ ወዳጅነት እንዲህ ባለ እሺታ ነው የተጀመረው።

ዲናችን ያስተማረን አደብ ግን በሩን ክፍት የሚተው ነው። ሱረቱ አን-ኑር 27ኛውና 28ኛው አንቀጽ ላይ የሰው ቤት ከመግባታችን በፊት ፈቃድ እንድንጠይቅ ታዘናል። «ተመለሱ» ከተባልን ደግሞ መመለሱ ለኛ የተሻለ መሆኑ ተነግሮናል። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) የዑመርን (ረ.ዐ) በር ሦስት ጊዜ አስፈቅደው መልስ ሲያጡ መመለሳቸውን ከሐዲስ ደርስ እናውቀዋለን። አላኮረፉም፤ በሩንም አልደበደቡም። በር ላይ የተማርነው ይህ አደብ በኢሜይል ላይም የሚሠራ ነው።

ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለን። በየጁሙዓው በምንቀራው ሱረቱል ካህፍ ውስጥ ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ከኸድር (ዐ.ሰ) ጋር ሲገናኙ የጠየቁበትን መንገድ ልብ እንበል። በ66ኛው አንቀጽ ንግግራቸው በ«ሀል» ነው የሚጀምረው፤ በመጠይቅ ቃል። አላህ ያናገራቸው ታላቅ ነቢይ «አስተምረኝ» ብለው አላዘዙም፤ መከተል ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። ኢብን ከሢር በተፍሲራቸው ይህ ማስገደድ የሌለበት፣ በለዘብታ የቀረበ ጥያቄ መሆኑን ጠቁመዋል። ሙሳ (ዐ.ሰ) የሚፈልጉትንም አልደበቁም፤ ከዚያ ሰው ዕውቀት መማር እንደሚሹ በግልጽ ተናገሩ። የተጠየቁትም «መታገስ አትችልም» ብለው የማመንታት መልስ ለመስጠት ቦታ አገኙ። ጥያቄ መሆኑ፣ ግልጽ መሆኑ፣ ለተጠያቂው ቦታ መተዉ፤ ጥሩ የእንግሊዝኛ ኢሜይል የሚፈልጋቸው ሦስቱም ነገሮች እዚያ አሉ።

ይህን ምሳሌ ያነሳነው ለሌላም ምክንያት ነው። ከመካከላችን «መጠየቅ ውርደት ነው» ብለው ሪኮመንዴሽን እንኳ ሳይጠይቁ ዕድላቸው የሚያልፍባቸው ወንድሞችና እህቶች አሉ። የሐኪም ኢብን ሒዛምን (ረ.ዐ) ታሪክ ሰምተዋል፤ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምክር በኋላ ከማንም ምንም አልጠየቁም። ያ ታሪክ ግን የገንዘብ ነው፤ ስጦታ ጠይቆ እጅን ስለ መዘርጋት ነው። የዕውቀት ጥያቄ ሌላ ነው። ዕውቀት መጠየቅ ውርደት ቢሆን ሙሳ (ዐ.ሰ) ያን ሁሉ መንገድ ባልተጓዙ ነበር። ሪኮመንዴሽን ደግሞ ምስክርነት ነው። ያስተማረን መምህር ያየውን እንዲመሰክር መጠየቅ ልመና አይደለም። ልመና የሚያስመስለው አጠያየቃችን ነው።

እንግዲህ በተግባር ምን እናድርግ? ሪኮመንዴሽን የምንጠይቅ ከሆነ ቢያንስ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በፊት እንጠይቅ። «ለነገ» ብሎ መጠየቅ የእምቢታውን በር መዝጋት ነው። መጀመሪያው መስመር ላይ ማን እንደሆንን፣ የትኛውን ኮርስ በየትኛው ዓመት እንደተማርን እንጻፍ። ሁለተኛው ላይ የምንፈልገውን በግልጽ እናስቀምጥ፤ ውዳሴ ውስጥ አንቅበረው። ጥያቄውንም «ደብዳቤ ይጻፉልኝ» ከማለት ይልቅ «ጠንካራ ደብዳቤ ለመጻፍ በቂ የሚያውቁኝ ይመስልዎታል?» ወደሚል እንለውጠው። በዚህ ጥያቄ መምህሩ በደንብ የማያውቀን ከሆነ ማንንም ሳያሳፍር «ሌላ ሰው ብትጠይቅ ይሻላል» የማለት ዕድል ያገኛል። እኛንም ይጠቅመናል፤ ሳይወድ የተጻፈ ለብ ያለ ደብዳቤ ካለመጻፉ ይብሳልና። ማርክ ሺታችንን፣ ሲቪያችንንና ዴድላይኑን አያይዘን መጨረሻ ላይ «ካልተመቸዎት በሚገባ እረዳለሁ» ብለን እንዝጋ።

አንድ መፈተኛም አለ። የጻፍነውን እንግሊዝኛ መልሰን ወደ አማርኛ እናምጣው። «አንተ» እያልን፣ ያለ «እርስዎ»፣ ያለ «እባክዎ» እንተርጉመው። ከዚያ «ይህን ያነበበ ሰው ሳያፍር እምቢ ማለት ይችላል?» ብለን እንጠይቅ። «አይ ኒድ» ወደ «ያስፈልገኛል»፣ «ዩ ሃቭ ቱ» ወደ «አለብህ»፣ «አይ ዋንት ዩ ቱ» ወደ «እንድታደርግ እፈልጋለሁ» ሲመለሱ ጥርሳቸው ይታያል።

«ይህ ሁሉ የነሱ ግብዝነት ነው፤ አለቃውም እያዘዘ ‹ኩድ ዩ› ይላል» የሚል ወንድም ይኖራል። እውነት አለው። አለቃ «ይህን እስከ ዓርብ ልትልክልኝ ትችል ይሆን?» ሲል ብዙውን ጊዜ ትዕዛዝ ነው። አድቫይዘር የቴሲስ ረቂቅ አይቶ «ምዕራፍ ሦስትን ደግመህ ብታየው ሳይሻል አይቀርም» የሚል ትርጉም ያለው «ዩ ማይት ዋንት ቱ» ሲል ብዙ ተማሪ «እንደ ሐሳብ ነው ያነሳው» ብሎ ያልፈዋል። በሚቀጥለው ስብሰባ አድቫይዘሩ ለምን እንደተቆጣ አይገባውም። ስለዚህ ቅርጹን መማር ለመናገር ብቻ አይደለም፤ የተነገረንንም ለመስማት ነው። ቅርጹን አንዳንዱ ከልቡ ይጠቀምበታል፤ አንዳንዱ ለይስሙላ። የኛም «እርስዎ» እንዲሁ ነው፤ በአንቱታ የሚሳደብ ሰው ሁላችንም ሰምተናል። አንዳንዱ ስላበላሸው አደቡን አንጥልም።

ለጀመዓችን ደግሞ አንድ ሐሳብ አለን። በየዓመቱ ለፍሬሽማን ተማሪዎች የምንሰጠው ቲቶሪያል ካልኩለስና ፊዚክስ ላይ ያተኩራል፤ መልካም ነው። ከዚያ ውስጥ አንድ ሰዓት ለዚህ ይሰጥ። ሲኒየሮች መልስ ያገኙባቸውን ኢሜይሎች ይዘው ይምጡ፤ መልስ ያጡባቸውንም ጭምር። ታናናሾች እንዲቀዱት ሳይሆን ለምን እንደሠራ እንዲረዱት ይተንተን። ሃምሳ ተማሪ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ገልብጦ ቢልክ ሃምሳዎቹም ይጣላሉ።

የመጨረሻው ከሁሉም የሚከብደው ነው። በሩን ክፍት ከተውን እምቢታው አንዳንዴ ይመጣል። ያን ጊዜ በሁለት መስመር «ጊዜ ወስደው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ» ብለን እንጻፍ። ዝም ብለን ከጠፋን «ካልተመቸዎት እረዳለሁ» ያልነው ውሸት ነበር ማለት ነው። ያመሰገነውን ተማሪ ግን ፕሮፌሰሩ ያስታውሰዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ቦታ ሲኖረው መልሶ የሚጽፍለትም ለእሱ ሊሆን ይችላል።

አላህ ንግግራችንን ያሳምርልን፤ ለምንጠይቀውም ለምንጠየቀውም ኸይሩን ያግራልን።